ባዶ ሌላ፣ ዜሮ ሌላ፤ ኤክሴልን በባዶ ሴልና በኤረር ፈተንኩት

ይህን የምጽፈው በየወሩ ቁጥር ለቅመው፣ አንድ ፋይል ላይ አጠራቅመው፣ ግራፍ ሠርተው ስብሰባ ላይ ለሚያቀርቡ ሰዎች ነው። ስለ ኤክሴል ዋጋና ፍጥነት ብዙ ተብሏል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው። ሴሉ ባዶ ሲሆን ምን ያደርጋል? ፎርሙላው ሲበላሽስ? የኛ ዳታ መቼም ቢሆን ሙሉ ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ ለኔ ስፕሬድሺት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ያኔ የምሠራበት ድርጅት አሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎችን ይደግፍ ነበር። የኔ ሥራ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉ እናቶችን ቁጥር በየወሩ መሰብሰብ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ መንገድ ቆርጦ አንዱ ጣቢያ ሪፖርቱን ሳይልክ ወሩ አለቀ። እኔ ደግሞ ሰንጠረዡ እንዲያምር ብዬ «ቁጥር ከሌለ ምንም አታሳይ» የሚል ፎርሙላ አስገብቼ ነበር፤ ያው ሁላችንም የምናውቀው፣ ኢፍ ውስጥ ሁለት የጥቅስ ምልክት ከፍቶ መዝጋት። ሰንጠረዡ በጣም ያምር ነበር። ግራፉ ላይ ግን የዚያ ጣቢያ መስመር ሐምሌ ላይ መሬት ነክቶ ነሐሴ ላይ ተመልሶ ወጣ።

ስብሰባው ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ «አገልግሎቱ ለምን ቆመ?» ሲባል ቆየ። አዋላጇ ለቅቃ ይሆን፣ ዕቃ አልቆ ይሆን፣ ኃላፊው ችላ ብሎ ይሆን፤ ሁሉም የመሰለውን ተናገረ። ኃላፊው እዚያ የለም፣ ስሙ ግን ተነሳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ሲደርሰኝ በሐምሌ 46 እናቶች ታይተዋል። በዝናብ፣ በዚያ መንገድ፣ 46 እናቶች። እኔ ዜሮ ብዬ አቅርቤያቸዋለሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጥፋቱ የፎርሙላዬ ነበር። ኤክሴል ውስጥ ባዶ የሚመስል ሁሉ ባዶ አይደለም። ማንም ያልነካው ሴል እውነተኛ ባዶ ነው። ሁለት ጥቅስ የሚመልስ ፎርሙላ ያለበት ሴል ግን ባዶ የሚመስል ጽሑፍ ነው፤ ፊደል የሌለው ጽሑፍ በሉት። የመስመር ግራፍ ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ዜሮ አድርጎ ይስለዋል። በእጃችሁ «አልደረሰም» ብላችሁ ብትጽፉም ያው ነው፣ ግራፉ ላይ ዜሮ ይሆናል።

ኤክሴል ራሱም በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የለውም። ያንን ባዶ የሚመስል ሴል ኢዝብላንክ በሚለው ፎርሙላ «ባዶ ነህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አይደለሁም» ይላችኋል። ካውንትኤ ደግሞ ሙሉ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ካውንትብላንክ ግን ባዶ ነው ብሎ ይቆጥረዋል! አንድ ሴል፣ ሁለት መልስ። ስንት ጣቢያ ላከ፣ ስንት ቀረ ብሎ በሁለቱ ቆጥሮ ለመደመር የሞከረ ሰው ድምሩ ከጣቢያዎቹ ቁጥር በልጦበት ራሱን ሲጠራጠር ይውላል። እኔ ውዬበታለሁ።

ከዚህ የባሰው ግን አማካይ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ምንም ምልክት አይሰጥም። አምስት ጣቢያ አለ እንበል። 40፣ 50፣ ባዶ፣ 60፣ 50። አቬሬጅ ባዶውን ዘሎ አራቱን ያካፍልና 50 ይላችኋል። ልክ ነው። አሁን ያንኑ ዳታ ለማጠቃለያ ወደ ሌላ ሺት እኩል ይሆናል ምልክት አድርጋችሁ አገናኙት። ኤክሴል ባዶ ሴልን ሲጠቅስ 0 ነው የሚመልሰው። አማካዩ 40 ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድ ዳታ፣ ሁለት ሺት፣ ሁለት አማካይ፤ ቀይ ምልክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ዜሮውን እንዳይታይ በፎርማት ስትደብቁት ደግሞ ጭራሽ ማንም አያገኘውም። ቪሉክአፕም እንዲሁ ነው። የፈለጋችሁትን ስም አግኝቶ አጠገቡ ያለው ሴል ባዶ ከሆነ 0 ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ለባዶ ሴል ኤክሴልን ከ5 የምሰጠው 2 ነው። ጨክኜ አይደለም፣ ቁጥር ይዞ የሚውል ሰው ይረዳኛል።

ባዶና ዜሮ ለምን ይሄን ያህል አስጨነቀህ የሚለኝ ሰው ካለ፣ የጤና ባለሙያዎችን ይጠይቅ። በሳምንታዊ የበሽታዎች ቅኝት ላይ ዜሮ ሪፖርት የሚባል ነገር አለ። ጤና ጣቢያው በዚያ ሳምንት አንድም የኩፍኝ ታማሚ ባያይ እንኳ ዝም አይልም፤ «ዜሮ» ብሎ ይልካል። ዜሮ ማለት አየሁ፣ ፈለግሁ፣ የለም ማለት ነው። ዝም ማለት ግን አላውቅም ማለት ነው። ወረርሽኝ ዝምታው ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ይህን ልዩነት ሰው በወረቀት ጠብቆ ካመጣው በኋላ ኮምፒውተር ላይ ስናጠፋው ያበሳጨኛል።

የእናቴ ዕድር ጸሐፊ ሽማግሌ ናቸው። መዝገቡን ወደ ኤክሴል ስገለብጥላቸው አጠገቤ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። እሳቸው መዝገብ ላይ ያልከፈለ ሰው ዜሮ አለው፤ በዚያ ወር ገና አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ ሰረዝ አለው። እኔ ሰረዙን ሁሉ ዘልዬ ባዶ ተውኩት። ድምሩን በሺት ሁለት ሳወጣ አዲሶቹ አባላት ሁሉ ባለ ዕዳ ሆነው ወጡ።

«ልጄ፣ እኚህ ሴትዮ እኮ የገቡት በጥር ነው፤ የመስከረሙን ከየት ያምጡ?» አሉኝ።

«ልክ ነዎት ጋሼ፣ ሰረዙን እኔ ነኝ የዘለልኩት» አልኳቸው።

«ሰረዙ እኮ ዝም ብሎ ለማስጌጥ አይደለም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ወደ ግራፉ ልመለስ፣ እዚህ ጋ ኤክሴል የሚመሰገንበት ነገር አለው። ግራፉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሴሌክት ዳታ የሚለውን ክፈቱ። ከታች በግራ በኩል ሂደን ኤንድ ኤምፕቲ ሴልስ የምትል ቁልፍ አለች። ስንት ዓመት ኤክሴል የተጠቀመ ሰው ይህቺን ቁልፍ አያውቃትም። ስትከፍቷት ሦስት ምርጫ ትሰጣችኋለች፤ ባዶው ቦታ ክፍተት ይሁን፣ ዜሮ ይሁን፣ ወይስ ግራና ቀኝ ያሉት ነጥቦች በመስመር ይገናኙ። እኔ ሁልጊዜ ክፍተት ነው የምመርጠው። መስመር ማገናኘቱ ለዓይን ደስ ይላል፣ ግን ያልተለካን ነገር እንደተለካ ያስመስላል። በተለይ ሁለት ሦስት ወር በተከታታይ ሲጎድል ማገናኘት አይገባም።

ችግሩ ይህ ምርጫ የሚሠራው ለእውነተኛ ባዶ ሴል መሆኑ ነው። ሴሉ ውስጥ ፎርሙላ ካለ አይሠራም። ለዚያ መላው ኤንኤ የሚለው ፎርሙላ ነው። በሁለቱ ጥቅሶች ፈንታ =ኢፍ(ቢ2=""፣ኤንኤ()፣ቢ2) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፋላችሁ። ሴሉ ላይ #ኤን/ኤ የሚል ያስጠላ ነገር ይወጣል፣ ግራፉ ግን ዜሮ ላይ አይወድቅም። በድሮዎቹ ስሪቶች መስመሩ በላዩ ዘሎ ይገናኛል። በአዲሶቹ ደግሞ እዚያችው ቁልፍ ውስጥ #ኤን/ኤን እንደ ባዶ ሴል አሳይ የምትል ሳጥን ተጨምራለች፤ እሷን ራይት ስታደርጉ ክፍተቱ በትክክል ይታያል። ይህቺ ትንሽ ሳጥን ለኔ ከብዙ አዳዲስ ነገሮች ትበልጥብኛለች።

በተለይ በጀት ዓመቱ ሲጀምር ከሐምሌ እስከ ሰኔ ፋይል አዘጋጅተው ፎርሙላውን እስከ ታች ለሚጎትቱ ሰዎች ይህ ነገር በጣም ያስፈልጋል። ጥቅምት ላይ ሆናችሁ ግራፉን ስትከፍቱ ከኅዳር እስከ ሰኔ ያሉት ገና ያልመጡ ወሮች ዜሮ ላይ ተደርድረው፣ ፕሮግራሙ በሙሉ የከሰረ ይመስላል። ኤንኤ አስገቡበት፤ መስመሩ ጥቅምት ላይ ይቆማል።

ግን ዋጋ አለው። #ኤን/ኤ ያለበትን ዓምድ ሰም ብላችሁ ብትደምሩ ድምሩም #ኤን/ኤ ይሆናል። አንዷ ሴል ሁሉንም ትበክላለች። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓምድ እይዛለሁ። አንደኛው ለሰው የሚነበብ፣ ሁለተኛው ለግራፉ ብቻ ኤንኤ ያለበት። ሁለተኛውን ደብቄ ለመሥራት ስሞክር ግራፉ ጠፍቶብኝ ደንግጬ አውቃለሁ። ኤክሴል የተደበቀ ዓምድን ካላዘዙት አይስልም። እሱንም የምታስተካክሉት እዚያችው ቁልፍ ውስጥ ነው፣ የተደበቁ ሮዎችና ዓምዶችን ዳታ አሳይ የሚል አለ። ሁለት ዓምድ መያዝ ካልፈለጋችሁ ደግሞ አግሪጌት አለላችሁ። ከ2010 ስሪት ጀምሮ የገባ ነው። =አግሪጌት(9፣6፣ቢ2:ቢ13) ስትሉ 9 ደምር ማለት ነው፣ 6 ደግሞ ኤረሮችን ዝለል። በ9 ፈንታ 1 ካስገባችሁ አማካይ ይሰጣችኋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ቀላል ነው።

አሁን ኤረር ላይ እንምጣ። እዚህ ጋ ኤክሴልን ሳይሆን እኛን ተጠቃሚዎቹን ነው የምወቅሰው፤ እኔንም ጨምሮ።

ፎርሙላ ኤረር ሲሰጥ በምትኩ የፈለጋችሁትን የሚያሳየው ኢፍኤረር በ2007 ስሪት ሲገባ ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት ኢፍና ኢዝኤረር አቆላልፎ አንዱን ቪሉክአፕ ሁለቴ መጻፍ ነበረብን። ፎርሙላው ይረዝማል፣ ትልቅ ፋይል ላይ ሁለቴ ስለሚሰላ ኮምፒውተሩም ይከብደዋል። ኢፍኤረር ይሄን በአንድ ቃል ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ግን ሱስ ሆነብን። ፎርሙላው ሁሉ በኢፍኤረር ይጠቀለላል፣ ለኤረሩም 0 ይሰጣል፣ ቀይ ነገር አይታይም፣ አለቃም ደስ ይለዋል።

አደጋው እዚህ ነው፤ ኢፍኤረር ኤረር አይለይም። ለዜሮ ስታካፍሉ የሚመጣውን #ዲቭ/0! ይሸፍናል፤ ይሄ እሺ። ግን የፎርሙላውን ስም ስትሳሳቱ የሚመጣውን #ኔም? ይሸፍናል። አንድ ሰው ዓምድ ሲሰርዝ የሚመጣውን #ሬፍ! ጭምር ይሸፍናል። አንድ ጊዜ የጋራ ፋይል ላይ አንድ ዓምድ ተሰርዞ፣ የኔ ማጠቃለያ ሁለት ወር ሙሉ ዜሮ እያሳየ ሄደ። ኢፍኤረሩ ባይኖር በዚያው ቀን #ሬፍ! ብሎ ይጮህልኝ ነበር። እሳት ሲነሳ የሚጮኸውን ደወል አፉን አፍኜው ነው የተኛሁት።

የኛ ቋንቋ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የወረዳና የጣቢያ ስም በአማርኛ የምትጽፉ ሰዎች ይህን በደንብ ስሙኝ። አንዱ «ሐዋሳ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሌላው «አዋሳ»። ለኛ አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ቪሉክአፕ አላገኘሁም ብሎ #ኤን/ኤ ይሰጣል። ያ #ኤን/ኤ ስድብ አይደለም፣ «ይሄ ስም እዚያኛው ዝርዝር ላይ በሌላ ፊደል ነው የተጻፈው» እያላችሁ ነው። በኢፍኤረር 0 ካደረጋችሁት ግን አንድ ከተማ በሙሉ ከሪፖርቱ ይጠፋል። ከስሙ ኋላ አንድ ስፔስ ብትቀርም ያው ነው፤ ስፔሷን በትሪም ማጥፋት ይቻላል። ፊደሉን በሰብስቲትዩት እየቀያየርኩ ለማስተካከል ሞክሬ ነበር፣ ግን ሐ ብቻዋን ሰባት መልክ አላት፣ ፎርሙላው ማለቂያ አጣ። በመጨረሻ ያዋጣኝ ስሙን ከዝርዝር እንዲመርጡ ማድረግ ነው፤ ዳታ ቫሊዴሽን የሚለው። ሰው በእጁ ካልጻፈ አይሳሳትም። ከተቻለ ደግሞ በስም ሳይሆን በኮድ ቁጥር ፈልጉ።

ስለዚህ ለፍለጋ ኢፍኤንኤን ተጠቀሙ። ከ2013 ስሪት ጀምሮ አለ። #ኤን/ኤን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሌላው ኤረር እንዲታያችሁ ይተወዋል። ምትኩም 0 አይሁን፤ «ስሙ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ስጡት። ለማካፈል ደግሞ ኢፍኤረር አያስፈልግም፤ አካፋዩ ዜሮ ወይም ባዶ መሆኑን በኢፍ ቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። አዲሱ የፍለጋ ፎርሙላ ኤክስሉክአፕ ካላገኘ ምን እንደሚመልስ በውስጡ የሚጻፍበት ቦታ አለው፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ብቻ ፋይሉን የምትልኩለት ቢሮ የ2019ን ስሪት ወይም ከዚያ በታች የሚጠቀም ከሆነ ተዉት፤ እዚያ ሲሰላ #ኔም? ነው የሚመጣው። ብዙ መሥሪያ ቤት ደግሞ አሁንም በአሮጌው ነው ያለው። ለኤረር አያያዝ ኤክሴልን ከ5 4 እሰጠዋለሁ። መሣሪያው ሁሉ አለ።

ጎግል ሺትስ ባዶ ሴል ላይ ከኤክሴል ይሻላል፣ ይህን ያለ ጥርጥር ነው የምለው። ባዶ ሴልን በእኩል ይሆናል ስትጠቅሱ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ዜሮ አይሆንም። ኢፍ ውስጥ ምንም ሳትጽፉ ሁለት ኮማ ብታስከትሉ እውነተኛ ባዶ ይመልሳል፣ ኢዝብላንክም አዎ ይላል። ኢፍኤረርም ሁለተኛውን ነገር ሳትሰጡት ይሠራል፤ ኤረር ካለ ባዶ ያደርገዋል። ኤረሩ ላይ ማውሱን ስታስጠጉ ምክንያቱን በአረፍተ ነገር ይነግራችኋል። ግን ያንን ኮማ ያለበትን ኢፍ አውርዳችሁ ኤክሴል ላይ ብትከፍቱት ባዶው ተመልሶ 0 ይሆናል። ሁለቱን እያፈራረቀ የሚጠቀም ሰው ይጠንቀቅ። ኔትዎርክ ሲጠፋም ሥራው ያስቸግራል፣ ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሊብሬኦፊስ ካልክ ነፃ ነው፣ የአማርኛ ገጽታም አለው። ግራፉ ላይ ለጎደለ ቁጥር ክፍተት፣ ዜሮ ወይም ቀጣይ መስመር ብሎ ያስመርጣል። አንዳንድ ኤረሮቹ ግን በቁጥር ናቸው፤ 502፣ 508 ይላል። 508 ቅንፍ ጎድሏል ማለት መሆኑን ካልተነገራችሁ ከየት ታውቃላችሁ? ላይሰንስ መግዛት ለማይችል ማኅበር ወይም ዕድር ግን ከበቂ በላይ ነው። የእናቴን ዕድር መዝገብ ያዛወርኩት ወደዚያ ነው፣ ሰረዞቹም ተመልሰዋል።

አንድ ሁለት ነገር ቶሎ ልበል። ኤክሴል ላይ ኤፍ5 ተጭናችሁ ስፔሻል ስትገቡ ባዶ ሴሎችን ብቻ ወይም ኤረር ያለባቸውን ፎርሙላዎች ብቻ ይመርጥላችኋል፤ ሪፖርት ከመላካችሁ በፊት አንዴ ተጫኑት። ፒቮት ቴብል ኦፕሽንስ ውስጥ ለባዶና ለኤረር ምን ይታይ የሚል ቦታ አለ። ሲታተም ብቻ ኤረሩ እንዳይታይ ከፈለጋችሁም ፔጅ ሴታፕ ውስጥ ሺት የሚለው ጋ ምርጫ አለ፣ ባዶ ወይም ሰረዝ ማድረግ ይቻላል። ፎርሙላውን ሳትነኩ ወረቀቱ ብቻ ያምራል። ለኔ ማሳመር ማለት እንዲህ ነው።

ከኤክሴል አሁንም የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እውነተኛ ባዶ የሚመልስ ፎርሙላ። እስከዚያ ድረስ ባለ ሁለት ዓምዱ ፋይሌን ይዤ እቀጥላለሁ። የዚያ ጣቢያ መስመር አሁን ሪፖርት ባልመጣበት ወር ተቆርጦ ነው የሚታየው። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዷ ባልደረባችን ክፍተቱን አይታ «እነዚህ አልላኩም እንዴ?» አለች። ከምሳ በፊት ተደወለላቸው፣ ቁጥሩን በስልክ ነገሩን።